በረግረጉ ላይ የወደቀው ቤትሽ

ለውድ ባለቤቴ ለአስካለ፤

ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተነሣሁበት ምክንያት ሁለት ነው፤ በባቡር ስናልፍ ሰላምታ የምትሰጪው ያ አሮጌ ቤት መውደቁን ላስታውቅሽ፣ እንዲሁም ስለ እርሱ ላመሰግንሽ ነው። ከተለየሽኝ ዐሥረኛው ወር ሆነ።

ኦክላንድ ያለው ቤታችን እንደ ተውሽው ነው። ነጠላሽ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ የመስኮቱ ጤና አዳምም በእኔ እጅ ሳይደርቅ ከርሟል። ልጃችን ሰላም ግን ቤቱን ለቅቄ ሳን ሆዜ ከእርሷ ዘንድ እንድኖር ትለምነኛለች። እሺ አላልኋትም ነበር። ሰው የለቀቀው ቤት ምን እንደሚሆን ልጃችንን ልንጠይቅ በሄድን ቍጥር አይተናልና።

ታስታውሻለሽ፤ ባቡሩ የፍሪሞንትን ከተማ አልፎ ወደ ረግረጉ ሲገባ ጨዋታሽን ታቋርጫለሽ። የባሕረ ሰላጤው ውኃ በሣሩ መካከል ይተኛል፤ በሐዲዱ ግራና ቀኝ ነዋሪዎቹ ጥለዋቸው የሄዱ የእንጨት ቤቶች፣ ገሚሱ ጣሪያው ረግፎ፣ ገሚሱ እስከ መስኮቱ ጭቃ ውጦት ይታያሉ። መንገድ አይደርስባቸውም፤ ባቡሩም አይቆምላቸውም። አንቺ ግን በሩ ገና ያልወደቀውን ቤት መርጠሽ፣ ነጠላሽን አስተካክለሽ፣ ከደጅ እንደ ቆመ እንግዳ «ቤቶች!» ትያለሽ። መልስም ትጠብቂያለሽ። ሰው ከሌለበት ደጅ መጣራት ሥርዐት አይደለም ብዬ ስገሥጽሽ፣ ሰው አለመኖሩን በምን ዐወቅህ፣ ነውሩስ እንደ ባዕድ ማለፍ ነው ብለሽ ትሥቂብኛለሽ። ከፊታችን የተቀመጡት ፈረንጆችም እነርሱን የጠራሽ መስሏቸው እጃቸውን ያነሡልሽ ነበር።

ባለፈው እሑድ የሰላም መኪና ጥገና ገብታ ስለ ነበር ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤቷ በባቡር ሄድን። ረግረጉ ዘንድ ስንደርስ ቤትሽን በክረምቱ ዝናብ የሳንቃ ክምር ሆኖ አየሁት፤ ነጭ የውኃ ወፍ፣ ሳቢሳ፣ ቆማበታለች። አንገቴን ደፋሁ። በዚህ ጊዜ ልጃችን፣ በአማርኛ ስናናግራት በእንግሊዝኛ የምትመልስልን ልጃችን፣ ስልኳን አስቀምጣ ወደ መስኮቱ ዞረችና «ቤቶች!» አለች። ከዚያም እንደ አንቺ መልስ ጠበቀች።

አስካልዬ፣ ይህን መቼ አስተማርሻት? እኔ ሰዋስው ሳስጠናት አንቺ ከደጅ መጣራትን አወረስሻት። ቤቱ ቢወድቅም ጠሪ አላጣም። ስለዚህ ነገር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲህ ቤታችንን እለቅቃለሁ፤ ነጠላሽንና ጤና አዳሙን ይዤ ሳን ሆዜ እገባለሁ።

የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ለሰላም እሰጣታለሁ፤ እሺታዬንም ከዚሁ ትረዳለች። አንድ ነገር ብቻ እጠይቃታለሁ፤ ኦክላንድ ወዳለው መቃብርሽ በምንመጣበት ጊዜ ሁሉ በመኪና ሳይሆን በባቡር እንድንመጣ። እኔም እስትንፋሴ እስካለች ድረስ በዚያ ሳልፍ አንገቴን አልደፋም፤ በስምሽ «ቤቶች!» ብዬ እጣራለሁ።

ሰላምም በባቡር ለመምጣት ፈቃዷን በገዛ እጇ፣ በአማርኛ ጽፋ፣ ከሙት ዓመትሽ ዋዜማ ሳታሳልፍ ትስጠኝ። ስሕተት ቢኖርበት አላርመውም።