ብርሃን የማይወደው ሳጥን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6
ልብስ አጠብኩ። ዝናቡ መጣና እርጥቡን መልሼ አስገባሁት። ሴቷ ልጄ ዛሬም ከፍሪጅ ወተት አወጣለሁ ብላ ያደረ ሾርባ ይዛ መጣች። «እማዬ፣ ኧረ የፍሪጁን አምፖል መልሺው! በዳበሳ መኖር ሰለቸኝ።»
 የወንድሟ ሳጥን ፍሪጁ ውስጥ ታች ተቀምጦ እንዴት ልመልሰው? «የላብራቶሪው ፍሪጅ ተበላሽቶ ነው። እንዳትከፍቺው፣ ብርሃን አይወድም» ብሎኝ ነበር። በማግስቱ መኪና ገጨው... ከቀብሩ ስመለስ አምፖሉን ፈታሁት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 9
ከልጄ ጋር ላብራቶሪ ትሠራ የነበረችው ልጅ ደወለች። ሳጥኑን ፈልጋ ነው። የመጨረሻ ሥራው ነው፣ ቀለሙ ሳይጠፋ መታየት አለበት አለች። «እሱ ራሱ እንኳ አላየውም፣ እናቴ።»
አልሰጥም ብዬ ዘጋሁባት። ከእጁ የቀረኝ ይኸው አይደል?

እሑድ፣ ጥቅምት 11
አላየውም... ከጆሮዬ አልወጣ አለ።
ስለ ሥራው ሲያወራኝ እስቅበት ነበር። «ያን ሁሉ የተማርከው የአይጥ ዘር ለማየት ነው?» «ሳቂ አንቺ! አንድ ቀን አሳይሽና አፍሽን ትይዣለሽ።»
ደወልኩላት። ራሴ አመጣዋለሁ፣ ግን እኔም ልየው አልኳት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13
በሻርፕ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ ይዤው ሄድኩ። የአምፖሉን ነገር ስነግራት ልጅቷ ሳቀች፤ ወዲያው እንባዋ መጣ። «በፎይል ሸፍኖታል እኮ፣ እናቴ። አምፖሉ ምንም አያደርገውም ነበር።»
ከሳጥኑ አንድ ስስ መስታወት አውጥታ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባችና መብራት አጠፋች። በማይክሮስኮፑ ጎንበስ ብዬ አየሁ።
ምን ብዬ ልጻፈው... ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ አረንጓዴ ነጠብጣቦች፣ ክብ ሠርተው። «ክቡ የዘር ሕዋሱ ኒውክለስ ነው። አባት ለልጅ የሚያወርሰው እዚያ ውስጥ ነው። ነጠብጣቦቹ በሮቹ ናቸው፣ ከፕሮቲን የተሠሩ።» ከዚያ ያደጉትን ሕዋሶች አሳየችኝ። ውስጡ ተጠቅጥቋል፣ ክቡ ጠቧል። በሮቹ ከፊት ለቀው ወደ ኋላ፣ ወደ ጅራቱ ተሰብስበዋል። ለረጅም መንገድ ጓዙን እንደሸከፈ ሰው... ማን አዘዛቸው? ማንም በማያይበት ጨለማ! የኔም ልጅ ሲመጣ እንዲህ ተሰናድቶለት ነበር? እኔ ምንም ሳላውቅ?
አፌን ያዝኩ።
አረንጓዴው ዓይኔ እያየ ደበዘዘ። «የማይክሮስኮፑ ብርሃን ሲያርፍበት ይጠፋል» አለችኝ። «ግድ የለም፣ እስኪበቃዎት ይዩ።»
ብድግ አልኩ። «በቃኝ። የቀረው ለሥራችሁ ይሁን።»
ሳጥኑን ትቼላት መጣሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14
አምፖሉን መለስኩት። ፍሪጁን ስከፍት... ውይ! ስንቱ ነገር በስብሷል! «ይሄ ቲማቲም ፂም አውጥቷል እኮ» አለች ልጄ። ሳቅን።
የሳጥኑ ቦታ ባዶ ነው። ወለወልኩና ወተቱን እዚያ አስቀመጥኩት።