ትራስ የተከለከለ ጉልበት

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ እትዬ? ደም ግፊቱስ ተወት አደረገሽ? እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ይህን የምጽፍልሽ ስፌት መኪናዬ ፊት ቁጭ ብዬ ነው። አዎ፣ እዚያው ሦስተኛ ፎቅ! በእግሬ ወጥቼ! እልል በይልኝ።

በስልክ ሁሉን አልነገርኩሽም። ከነጣቃ ጨርቁ ደረጃው ላይ የወደቅሁ ዕለት የጉልበቴ ጅማት ብጥስ ብሎ ነበር። ሐኪሙ ከጭኔ ጀርባ ጅማት ወስዶ ተካልኝ። ከቀሚስ ጫፍ ቆርጦ የእጅጌ ቀዳዳ እንደ መጣፍ ማለት ነው፤ እኛ ስንት ዘመን የሠራነውን እሱ ቀዶ ጥገና ይለዋል!

ጣጣው ከዚያ በኋላ መጣ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ጉልበቴ አልዘረጋ አለ። አሠሪዬ ደግሞ አራት ወር ብቻ ነው የምጠብቅሽ፣ ከዚያ መኪናሽን ለሌላ እሰጣለሁ ብላኛለች። ፊዚዮቴራፒ የምታሠራኝ እሳት የላሰች ልጅ፣ "ማዘር፣ ቤት ምን እያደረጉ ነው?" ብላ አፋጠጠችኝ። ለካ ባለቤቴ ስቃዬን እያየ ከጉልበቴ ሥር ትራስ ይከትልኛል፤ እኔም ደስ ይለኛል። "እንደታጠፈ ሊደርቅ ነው እኮ! ትራስ ከተረከዝ ሥር እንጂ ከጉልበት ሥር አይገባም!" ብላ አጠገቤ የቆመውን እሱኑ እንደ ተማሪ ተቆጣችው።

ያን ዝምተኛ ታውቂው የለ? ቤት ስንገባ ትራሶቹን በሙሉ ሰብስቦ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈባቸው፣ የራሱንም ጭምር። ኮቱን ጠቅልሎ ተንተርሶ ከረመ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት ተረከዜን ይዞ ጉልበቴን እየዘረጋ፣ እኔ ስጮህና ስሰድበው፣ እሱ "አይዞሽ፣ አንዴ ብቻ" እያለ ይቆጥርልኛል። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ያልሰማሁትን ቃል በእነዚህ ወራት ሰማሁ።

ዛሬ፣ አራት ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ስልሳ ሁለቱን ደረጃ ብቻዬን ወጣሁት። ሴቶቹ አጨበጨቡ። መኪናዬ ላይ የነበረችው ልጅ ማንም ሳይነግራት ተነሳችልኝ። ፔዳሉን ስረግጠው መርፌው ጥርርር! በመስኮት ብመለከት፣ ሥራ ሄጃለሁ ያለኝ ሰውዬ መንገድ ማዶ ቆሞ ወደ ላይ አንጋጧል። እጄን ሳወዛውዝለት ደንግጦ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ፤ ጫማው እኮ ማሰሪያ የለውም!

እትዬ፣ እግሬ ይዳን እንጂ ይህን ዝምተኛ ትቼ ጓዜን ጠቅልዬ እመጣለሁ ብዬሽ ነበር። እግሬ ድኗል። ያዘጋጀሽልኝን ክፍል ግን ለሌላ ሰው አከራዪው። አትቀየሚኝ።

ጤናሽ ይጽና፣ ቤትሽ ሳቅ አይጣ።

ደረጃ የማያስፈራት ታናሽሽ