የታዴ ስክሪን

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4፣ ከቁርስ በኋላ

የታዴ አጃ ግማሹ አፉ ውስጥ፣ ሩቡ አገጩ ላይ፣ የቀረው ታብሌቱ ላይ። አጠፋሁት። ቻርጀሩን ነቀልኩ። መጀመሪያ እፍ ማለት ነው፤ ፍርፋሪ ወይ ስኳር ላዩ ላይ እያለ ጨርቅ ካሳረፉበት ይጫራል። ከዚያ የመነጽር ጨርቅ፣ ጥጉን ብቻ በተጣራ ውሃ ነካ አድርጎ፣ ሳይጫኑ፣ በቀስታ። ውሃ ስክሪኑ ላይ አይረጭም። ሶፍት አይነካውም። በረኪናማ በሩቁ። በታብሌቱ መናገርን ያስተማረችን ስፒች ቴራፒስት ናት እንዲህ ያለችን። እኔ፣ በረኪና ያልነካው ዕቃ ቆሻሻ የሚመስለኝ ሴት፣ ጸጥ ብዬ ተማርኩ።

ምን ላድርግ ማስታወሻዬ። በሽታው የባሌን የታዴን እግር ወሰደ፣ እጁን ወሰደ፣ በመጨረሻ ምላሱን። የቀረችው የግራ ጣቱ ናት። ምላሱ ከመያዙ በፊት ታብሌቱ ላይ በገዛ ድምፁ የቀዳቸው ቃላት አሉ፦ ስሜ፣ «ውሃ»፣ «ቲቪውን ቀንሱት»፣ ደግሞ የታክሲ ዘመኑ ቀልድ፣ «ሂሳብ ከፍላችሁ ውረዱ»። ሌላውን ፊደል በፊደል ይነካል፣ እኛ እናነባለን። ይሄ ስክሪን ተበላሸ ማለት ታዴ ዝም አለ ማለት ነው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

ከዶ/ሩ መጣን። ትንፋሹ እየደከመ ነው። ሲብስ ጉሮሮው ተበስቶ በማሽን ይተነፍሳል ወይስ አይሆንም? ቀድሞ መወሰን አለበት አለን። አስተርጓሚው ሳይጨርስ እኔ አዎ ብዬ መለስኩ። ዶ/ሩ በትሕትና ነው የቆረጠኝ፦ እሱ ራሱ ይንገረኝ፣ በ18 ተመለሱ። ልጄ ሊዲያ መሬት መሬት አየች።

የምን ማሰብ ነው? መተንፈስ ነው እንጂ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 9

እትዬ ብዙነሽ፣ ታላቅ እህቱ፣ ከቤ/ክ በቀጥታ እኛ ዘንድ። ጸለየች። ግንባሩን በዘይት ቀባች። በዚያው እጇ ታብሌቱንም ዳሰሰች፤ ምላሱ ይፈታል እያለች። አሜን አልኩና ልብስ ላወጣ ወደ ድራየሩ ሄድኩ።

ስመለስ ምን ልይ? ዘይቱ ስክሪኑን ሲያደበዝዘው አዝና፣ ከሲንኩ ሥር የመስታወት ማጽጃ አውጥታ፣ ከነፍርፋሪው ፍሽሽ አድርጋበት፣ በፔፐር ታወል ትፈትጋለች። ፈሳሹ ወደ ድምፅ ማውጫው ቀዳዳ ገብቷል። ታዴ ስሜን ነካ። ድምፁ ባልዲ ውስጥ ሆኖ እንደሚያወራ ሰው።

ጮኽኩባት። ታዴን አዝላ ያሳደገችውን ሴትዮ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ታዴ ሁለታችንንም ያያል።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10

ታብሌቱ ጠፍቶ በጎኑ ቆሞ ዋለ። ታዴም አብሮት ጠፍቶ ዋለ። አመሻሽ ላይ ከፈትነው፣ ድምፁ ጠራ። ተመስገን። ከታች በኩል ቀጭን ጭረት ቀርቷል፣ ፊደሎቹ ጋ አይደርስም። ይቅርታ ልጠይቅ ለእትዬ ብ. ደወልኩ፤ ሳልጀምር እሷ ቀደመችኝ።

ከእንግዲህ ከእኔ በቀር ማንም አይነካውም። አልኩ፣ አለቀ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ከምግብ በፊት እወለውላለሁ፣ ከምግብ በኋላ እወለውላለሁ። ሊዲያ ክሊን እኮ ነው ማሚ ትላለች። አንቺ ምን ታውቂያለሽ እላለሁ።

ከሰዓት ታዴ መጻፍ ጀመረ። በትከሻው በኩል አየሁ። «ማሽኑን አልፈ»። እዚህ ላይ ደርሶ ጣቱ አረፈ፤ ይደክመዋል። ወይኔ፣ ምራቅ ነክቶታል አልኩና አነሳሁት። አጠፋሁት። መስኮቱ ጋ ወስጄ በብርሃን እያየሁ ወለወልኩ፣ ወለወልኩ። መልሼ ስከፍተው የጻፈው የለም። እንደገና አልጀመረም። ዓይኑን ጨፈነ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ምንም ምራቅ አልነበረም።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 14

ሊዲያ ዛሬ ነገረችኝ። ነገሩ ሲመርር በእንግሊዝኛ ነው የምታወራው፣ ድምፅዋንም አታነሳም። ዳዲ ስለ ማሽኑ መጻፍ ሲጀምር ሁልጊዜ ታጸጂዋለሽ አለችኝ። እሱን ነው የምታጠፊው አለች።

እኔን! የሚያገላብጠው ማነው? የሚያጥበው ማነው? ይህን ሁሉ አወረድኩባት። ካናል ዊንቸስተር ያለው ሥራዬ፣ ዌርሃውሱ ገብቼ ካርቶን ስካን እያደረግኩ አለቀስኩ፤ ሱፐርቫይዘሯ ብሬክ ውሰጂ አለችኝ። ልጅቷ እውነቷን ነው።

ለአንተ ለማስታወሻዬ ልናገረው። ማሽኑን የምፈልገው እኔ ነኝ። ጉሮሮው ቢበሳም፣ ጣቱም ብትቀር፣ በዓይኑ ብቻ ቢያየኝም ይኑርልኝ። ከሥራ ስገባ እዚያ ወንበር ላይ ይጠብቀኝ። ሌላ ምንም የለኝም። ይሄ ጥፋት ከሆነ ጥፋተኛ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 15

ምንም አልጻፈም። «ውሃ» ብቻ። ሊዲያ ስለ ማሽኑ ጠየቀችው፣ ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ። ሳይቆጣኝ ነው የሚያየኝ፣ ይሄ ነው የባሰብኝ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 17፣ ከእራት በኋላ

ነገ ነው ቀጠሮው። ሾርባው ተንጠባጥቦ ስክሪኑ የልጅ መሐረብ መስሏል። ጨርቁን አልነካሁም። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ታዴ አየኝና ጣቱን ከስክሪኑ አነሳ። ላጸዳው የመጣሁ መስሎት መንገድ ለቀቀልኝ። ለምዶታል። አስለምጄዋለሁ። እጁን ይዤ መልሼ አስቀመጥኩለት፣ ጻፍ የኔ ጌታ፣ የትም አልሄድም አልኩት።

ብዙ ቆየ። ፊደል ይስታል፣ ያጠፋል፣ ይመልሳል። ሾርባው ቀዘቀዘ። ሊዲያ በሩ ጋ ቆማለች። እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩበት፣ እንዳላነሳው።

«ማሽኑን አልፈልግም»። ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ እንዳነበብኩት እንዲያውቅ። ልነሳ ስል ሊዲያ ትከሻዬን ያዘችኝ፤ አልጨረሰም።

«እስከዚያ ግን ይሄን አታጥፊብኝ»።

ነገ ዶ/ሩ ሲጠይቅ አፌን አልከፍትም። እኔን ቢያየኝም አልመልስም። ታዴ ጽፎ እስኪጨርስ ታብሌቱን ይዤለት እቆማለሁ።