ካርዱ ላይ የነበሩት ሁለት ፊደላት

ይድረስ ለማከብርሽና ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለእትዬ ፋናዬ ከተማ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይይዝሻል? እማዬስ ጾሙን እንዴት ይዛዋለች? ደም ግፊቷ ሲለካ ቁጥሩን ጻፊልኝ ብዬሽ ነበር፤ አሁንም አደራ። ባለቤትሽ ጋሽ እሸቱ ደህና ነው? ሀሴትስ ትምህርቷን በርትታለች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን እበላለሁ፣ እሠራለሁ፤ እንቅልፍ ግን ከራቀኝ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ በረዶ አውርቼ ዘጋሁት። «ድምፅህ ምን ሆኗል?» ስትዪኝ ሥራ ደክሞኝ ነው አልኩሽ። ሥራ አልነበረም። አብሮኝ የሚሠራ ጁነዲን የሚባል ልጅ ወደ አገር ቤት ስለሚመጣ በእሱ እጅ ልኬልሻለሁ። እባክሽ መጀመሪያ ብቻሽን ሆነሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ነገሩ የአባባ ነው።

እኔ በምሄድበት የአማርኛ ቸርች ጋሼ ገብረኪዳን የሚባሉ የሰባ ሁለት ዓመት ሽማግሌ አሉ። የሚኖሩት እዚሁ ከከተማው ዳር፣ ዎርዝንግተን፣ ከልጃቸው ከመብራት ጋር ነው። መብራት ነርስ ናት፤ እሑድ ሺፍት ሲኖርባት እሳቸውን በመኪናዬ የማመላልሳቸው እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር። ሲበርድ የካፖርታቸውን ቁልፍ የምቆልፍላቸውም እኔ ነበርኩ። በደርግ ጊዜ አየር ኃይል ምድብ ውስጥ ይሠሩ እንደ ነበር ሰምቻለሁ፤ የአባባን ነገር ለሰው ማውራት ስለማልወድ ግን ጠይቄያቸው አላውቅም። እሳቸውም እኔን «ግርማቸው» ከማለት በቀር የአባቴን ስም አያውቁም ነበር።

መጋቢት አራት ቀን እሑድ ቤታቸው ሳደርሳቸው ሻይ ሳትጠጣ አትሄድም ብለው ያዙኝ። ቴሌቪዥኑ የዩክሬንን ጦርነት ያሳያል። ተመትቶ የወደቀ የሩሲያ አውሮፕላን ሜዳ ላይ ተበታትኖ ይታያል፤ ዜና አንባቢዋ «ሱ ሃያ አራት» አለች። ጋሼ ገብረኪዳን ሳቁ። «ሱ ሠላሳ አራት ነው እንጂ! ጅራቱን እየው፣ ሁለት ነው። የሃያ አራቱ ጅራት አንድ ነው። ሁለቱም አብራሪዎቻቸውን ጎን ለጎን ስለሚያስቀምጡ ነው ሰው የሚምታታበት» አሉኝ። ከዚያ ወሬው ጣማቸው። ይኸው ሠላሳ አራት የሚባለው መጀመሪያ ሱ ሃያ ሰባት ኢቤ፣ በኋላም ሱ ሠላሳ ሁለት ሲባል ኖሯል። ሱ ዐሥራ ሰባትን ደግሞ ሩሲያ ለራሷ ስትይዘው ዐሥራ ሰባት፣ ለውጭ አገር ስትሸጠው ሃያ ወይም ሃያ ሁለት ትለዋለች። ምዕራባውያን በዚህ ሁሉ ላይ የራሳቸውን ቅጽል ስም ይጨምሩበታል። «አንድ ብረት፣ አራት ስም። ከእነዚያ ጋር የሠራ ሰው ጭንቅላቱ ጤነኛ ሆኖ አይወጣም» አሉ።

ምን እንደ ነካኝ እንጃ፣ «የእኔም አባት ሕይወቱ የተበላሸው በፊደል ነው። ሚግ ሃያ ሦስት ላይ ቴክኒሺያን ነበር» አልኳቸው። ፈገግ እንዳሉ «ማን ይባላል?» አሉኝ። «መቶ አለቃ ከተማ ወልደየስ» አልኩ።

እትዬ፣ የሰው ፊት እንዲያ ሲሆን አይቼ አላውቅም። የያዙት ሻይ ጭናቸው ላይ ፈሰሰ። ትኩስ ነበር፤ እሳቸው ግን አልተሰማቸውም። «ቴሌቪዥኑን አጥፋው» አሉኝ። አጠፋሁት።

የምድቡ የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ የነበሩት እሳቸው ናቸው። አንቺ ያኔ ሃያ ዓመትሽ ስለ ነበር ታሪኩን ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ፤ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ምድቡ ሁለት ዓይነት ሚግ ሃያ ሦስት ነበረው። ለድብደባ የሚወጣው፣ አንድ ሰው የሚይዘው ቤኤን ይባላል፤ ለማሠልጠኛ የሚሆነው፣ ሁለት ሰው የሚይዘው ደግሞ ኡቤ። ቁጥራቸው አንድ ነው፣ ሞተራቸው ግን ይለያያል። መለዋወጫው ሲመጣ ሣጥኑ ላይ ያለው ጽሑፍ በሩሲያ ፊደል ነው፤ ጋሼ ገብረኪዳን እሱን እያነበቡ ለየሣጥኑ ካርድ ይጽፋሉ። በኅዳር 1978 ዓ.ም. በመጣ አንድ የነዳጅ ፓምፕ ሣጥን ላይ ወረቀቱ ዝናብ ነክቶት ተቀዶ «ቤ» የምትለው ፊደል ብቻ ቀርታ ነበር። ከፊቷ ኡ ነበረች? ወይስ ከኋላዋ ኤን? አላወቁም። ሩሲያዊውን አሠልጣኝ መጠየቅ ይችሉ ነበር፤ ከአንድ ቀን በፊት ግን በሰው ፊት «ስድስት ወር ተምረህ ፊደል አትለይም» ብሎ ስለ ሳቀባቸው አፈሩ። ገምተው ቤኤን ብለው ጻፉ።

አባባ ያንን ካርድ አይቶ፣ ፈርሞ ወሰደ። ፓምፑ የኡቤ ሆኖ ሳለ ቦታው ላይ ገጠመለት። በሦስተኛው ቀን ሻምበል ዮፍታሔ አውሮፕላኑን ይዞ ተነሣ፤ ከሜዳው ጫፍ ብዙም ሳይርቅ ሞተሩ ጠፋበትና ወድቆ ሞተ።

«ፊደሏን መገመቴ ስሕተት ነው» አሉኝ ጋሼ ገብረኪዳን፤ «ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ግን ስሕተት አይደለም፤ ወንጀል ነው።» አደጋው እንደ ተሰማ ግምጃ ቤት ገብተው ቤኤን የሚለውን ካርድ አቃጠሉት፤ ኡቤ ብለው ሌላ ጽፈው በቦታው ተኩ። መርማሪዎቹ ያገኙት ያንን ነው። አባባ «ካርዱ ቤኤን ነበር የሚለው» እያለ ሲምል ሲገዘት ካርዱ ኡቤ ይላል። አሻጥር ተባለ። ሦስት ዓመት ተኩል ታሰረ፣ ማዕረጉ ተገፈፈ፣ ከወጣም በኋላ እስኪሞት የውሃ ፓምፕና የጋዝ ምድጃ ሲጠግን ኖረ።

እትዬ፣ እውነቱን ነበር። ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ስንት ዓመት ሲደጋግማት እውነቱን ነበር። እኔ ደግሞ ሰለቸኝ። ዐሥረኛ ክፍል ሆኜ ጫማ አልገዛህልኝም ብዬው የተጣላን ቀን «በአንተ ስሕተት እኛ ጠፋን፤ አሁንም ትዋሻለህ» ያልኩትን ታስታውሺያለሽ። አባባ መፍቻውን አስቀመጠ፣ እጁን ታጠበ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ገብቶ ተኛ። አንቺ የአሻጥረኛ ልጅ ተብለሽ የታጨሽለት ሰው ቤተሰብ ትቶሽ ሲሄድ እንኳ ለአባባ ክፉ ቃል አልወጣሽም።

ጋሼ ገብረኪዳንን «አንተ» ልላቸው አፌ ጫፍ ደርሶ ተመለሰብኝ። ተነሥቼ ወጣሁና መኪናዬ ውስጥ ቁልፉን ጨብጬ ተቀመጥኩ፤ ምን ያህል እንደ ቆየሁ አላውቅም። በማግስቱ ሪከንባከር ያለው መጋዘን ሥራ ገባሁ። ሥራዬ ካርቶን ላይ ያለውን ስቲከር ስካን እያደረግሁ በየመስመሩ መላክ ነው። እጄ እምቢ አለኝ። አንዱን ስቲከር አራት ጊዜ አነባለሁ፤ ከኋላዬ ሥራው ተቆለለ። ሱፐርቫይዘሬ ደግ ሴት ናት፤ መጥታ «ሰው ሞቶብህ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ሁለት ቀን ኦፍ ሰጠችኝ።

በሳምንቱ መብራት ኮል አደረገችኝ። «አባዬ እህል አልቀምስም ብሏል፤ ምን ተባባላችሁ?» አለች። እሳቸውን ጠይቂ አልኳት። በማግስቱ ይዛቸው መጥታ አፓርትመንቴ በር ላይ ቆመች፤ ዓይኗ አብጧል። ነግረዋታል። ሦስት ገጽ ጽፈው፣ ኖተሪ የሚባል ሰነድ አረጋጋጭ ፊት ፈርመው፣ ማኅተም አስመትተው ነው የመጡት። እግሬ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ክንዳቸውን ይዤ ወንበር ሰጠኋቸው። «ደርግ ከወደቀ ሠላሳ ዓመት አለፈው። ማን ይነካዎት ነበር?» አልኳቸው። «መጀመሪያ መረሸን ፈራሁ። ቀጥሎ ልጄ እንዳትንቀኝ ፈራሁ። ከተማ መሞቱን ስሰማ ደግሞ ከእንግዲህ ለማን እናገራለሁ አልኩ። ልጆች እንዳሉት ረሳሁ፤ መርሳት ስለ ፈለግሁ ነው የረሳሁት» አሉኝ። ይቅር ብዬዎታለሁ አላልኳቸውም። ሻይ አፈላሁ፤ ሦስታችንም አልጠጣነውም።

ትናንት እሑድ በምስክርነት ሰዓት መድረክ ላይ ወጡ። ስለ ፈውስ የሚናገሩ መስሎት ሕዝቡ አሜን ሊል ተዘጋጅቷል። «መቶ አለቃ ከተማ ወልደየስ ንጹሕ ሰው ነበር። ካርዱን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ልጁ እዚህ ተቀምጧል» አሉ። ስንወጣ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ እጄን ያዙኝ። ልጃቸውን ሊጠይቁ ኒው አልባኒ የመጡ እንግዳ ናቸው። «እኔም በምድቡ ሞተር ክፍል ነበርኩ። አባትህ ካርዱን ሲያነብ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ቤኤን ነበር የሚለው። አልጠየቁኝም፤ እኔም አልተናገርኩም» አሉኝ።

ከሁሉ የደነገጥኩት ያኔ ነው። የበደለን አንድ ሰው መስሎኝ ነበር። ለካ አባባ ታስሮ ሲጮህ፣ እውነት መናገሩን እያወቁ ቤታቸው ገብተው እራታቸውን የበሉ ሌሎችም ነበሩ።

ከዚህ ጋር የጋሼ ገብረኪዳንን ጽሑፍ በሁለት ቅጂ ልኬያለሁ። አንዱ የእማዬ ነው። ሌላውን ለሻምበል ዮፍታሔ እህት ለገነት አድርሺላት። ባየችን ቁጥር ፊቷን ብታዞርብንም አትቀየሚያት፤ እሷም የተነገራትን ነው ያመነችው። ብቻሽን አትሂጂ፣ ጋሽ እሸቱ ይከተልሽ። ጋሼ ገብረኪዳን እማዬን በስልክ ይቅርታ ልጠይቅ ይላሉ። ቁጥሯን አልሰጠኋቸውም። መስማትም አለመስማትም የእሷ ፈንታ ነው፤ እንዳታግባቢያት።

እኔ ይቅር ማለቴን ገና አላውቅም። አባባን ይቅርታ የምጠይቅበት ስልክ ግን የለኝም። ስለዚህ መቃብሩ ድረስ ሂጂልኝና «ግርማቸው አምኜሃለሁ ብሏል» በዪው። ጮክ ብለሽ በዪው፤ ሰውም ካለ ይስማ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ጽሑፉን ስታነቢላት እጇን ያዢ። ጋሽ እሸቱን በጣም ሰላም በዪልኝ። ሀሴትን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የአያቷን ታሪክ እሷም ትስማው፣ ደርሳለች።

ወንድምሽ ግርማቸው ከተማ
ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
መጋቢት 26 ቀን 2014 ዓ.ም.