ከገበታ ስላስነሳኝ ጠብታ ደም

ለተከበሩ ዶክተር ማምበይ ንጎም
የሰፈራችን ላቦራቶሪ ባለቤትና ዋና ኃላፊ
ካኦላክ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ፣ በተለይም ለሆድዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ ማፋል ዲየንግ፣ በጡረታ ላይ ያለሁ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ስለ ጨጓራዬ ላደረጉልኝ ውለታ በአደባባይ ላመሰግንዎ ወደድኩ።

አንደኛ፦ የጨጓራ ባክቴሪያን የሚለየውን ፈጣኑን የደም መመርመሪያ ገምግመው እንከን የለሽ መሆኑን በሬዲዮ ስላበሠሩን እጅ እነሣለሁ። ሆዳቸውን የሚያማቸውን ሰዎች ጣት ወጋችሁ፣ በአብዛኞቹ ላይ “አለበት” የሚለው ሁለት መስመር ወጣ፣ በዚህም የመመርመሪያው ትክክለኛነት ተረጋገጠ። በሌላ ምርመራ አመሳክራችሁት እንደሆነ ረዳትዎን ብጠይቃት፣ “አባባ፣ ይሄ እያለ ሌላው ምን ያደርጋል?” አለችኝ። ምስክሩም ዳኛውም አንድ ሲሆን መቼም ሥራ ይቀላል።

ሁለተኛ፦ በእኔም ላይ ሁለት መስመር ወጣ። የጨጓራ ባክቴሪያ አለብህ ተብዬ የታዘዘልኝን መድኃኒት ሳላዛንፍ ጨረስኩ፤ ቃጠሎውም ለቀቀኝ። ተመልሼ ብመጣ ግን ያው ሁለት መስመር። ሌላ ዙር መድኃኒት ሰጣችሁኝ፤ አሁንም ሁለት መስመር። ባክቴሪያው ከሞተ በኋላም ደም ለረጅም ጊዜ እንደሚያስታውሰው፣ መመርመሪያውም የሚያየው ይህንኑ ትዝታ እንደሆነ የነገሩኝ ዳካር ያሉ ሐኪም ናቸው። ከረጢት አስነፍተው ትንፋሼን መረመሩና “ንጹሕ ነዎት፣ አባቴ” አሉኝ። እርስዎ ይህን ሳይነግሩኝ የቀሩት ሥራ በዝቶብዎ መሆኑን አልጠራጠርም።

ሦስተኛውን ባልጽፈው ይሻለኝ ነበር። ረዳትዎ ባለቤቴን አራምን፣ “እስኪጠፋላቸው አብራችሁ አትብሉ” ብላ መክራታለች። ቤታችን እንደ ሰው ሁሉ ቤት ነው፤ ሩዙና አሳው በአንድ ትልቅ ሳህን ይቀርባል፣ ሁላችንም ምንጣፉ ላይ ከበን እንቀመጣለን፣ አራምም አሳውን እየቆረሰች ወደየሰዉ ፊት ትገፋለች። ከተጋባን ጀምሮ እሾሁን ለቅማ ወደ እኔ በኩል ስትገፋልኝ ኖራለች። አሁን የፕላስቲክ ሳህንና ማንኪያ ተገዝቶልኝ በሩ አጠገብ ለብቻዬ እበላለሁ። ልጆቹ ሲሻሙና ሲሳሳቁ እሰማለሁ፤ የማየው ግን ጀርባቸውን ነው። የዳካሩን ውጤት ለአራም ባሳያት፣ “እንዴ! ትንፋሽህን አምኜ ደምህን ልጠራጠር? ትንፋሽማ ከአፍህ ነው የሚወጣው፤ አፍህን ደግሞ አውቀዋለሁ!” አለችኝ። ልጆቹ ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳህኔን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ። ሰው በሞላበት ቤት እንዲህ ብቻዬን እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አራም የምታምነው እርስዎን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ብቅ ብለው፣ መመርመሪያዎ የዳነውን ከታመመው እንደማይለይ በራስዎ አንደበት እንዲነግሩልኝ ክቡርነትዎን ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣ ከበሩ አጠገብ፣
የእርስዎው ሁለት መስመር፣
ማፋል ዲየንግ

ተጨማሪ፦ መምጣቱ ከከበደዎ፣ መመርመሪያውን በራስዎ ጣት ይሞክሩት። በእኛ አገር ከልጅነቱ ጀምሮ ይህ ባክቴሪያ ያልጎበኘው ሆድ ጥቂት ነው። ሁለት መስመር ቢወጣና ባለቤትዎ እንደ አራም ብታምነው፣ አይጨነቁ፤ ሳህንዎን ይዘው ይምጡ። እኔ ዘንድ ለአንድ ሰው ቦታ አለ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ማንም ቢመጣ ደስ ይለኛል።