ደከመኝ ያልኩህ ለዚህ ነበር

አዘዞ፣ ጥር

ውድ አወቀ፣

ደብዳቤ ከጻፍኩልህ ስንት ዘመን ሆነ! የመጨረሻውን የጻፍኩልህ ገና ሳንጋባ፣ አንተ ተማሪ ሳለህ ነው። ያኔ ጽሑፌ ያምር ነበር፤ ዛሬ የተማሪ ፈተና በማረም ብዛት እጄ ተበላሽቷልና ታገሰኝ። ምነው ስልክ እያለ እንደምትል አውቃለሁ። አንተ ስልክ ስታወራ ድምፅ ማጉያውን ትከፍታለህ፤ የምልህን ሁሉ የደባርቅ ባልደረቦችህ አብረውህ ይሰሙታል። ባለፈው ጊዜ ሽንኩርት ተወደደ ብልህ፣ ከጀርባህ አንድ ሰውዬ "እዚህም ብሷል እመቤቴ" ብሎ መለሰልኝ። የዛሬው ወሬ የሽንኩርት አይደለም። ባልደረባህ ፊልጶስ የከብት ክትባት ሊወስድ ጎንደር ወርዷል፤ ከመመለሱ በፊት እቤት ብቅ ስለሚል በእሱ እጅ እልክልሃለሁ። ብቻህን ሆነህ አንብበው። ደግሞ አትደንግጥ፣ ወሬው ሸጋ ነው።

ከመስቀል ልጀምር። ለመስቀል ከደባርቅ የመጣህ ቀን እራት በላን፣ ልጃችን ፅዮን ከባሕር ዳር ደውላ ስለ ዩኒቨርሲቲው ምግብ እያማረረች አሳቀችን፣ ጎረቤትም ገብቶ ወጣ። ሁሉም ሲሄድ፣ አንተና እኔ ድንጋዩን እየቆጠርን ባሠራነው ቤት፣ ሳሎኑ መሀል ቦርሳህን እንደያዝክ ቆምክና ቀስ ብለህ "የት ልተኛ?" አልከኝ። እንደ እንግዳ። "ደስ ያለህ ቦታ" አልኩህ። ሶፋው ላይ ተኛህ። ደመራው በተለኮሰ ማግስትም ሥራ አለብኝ ብለህ ተመለስክ። እኔ በር ላይ ቆሜ ሸኘሁህ።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ በፊት ነው፤ አንተም ታስታውሰዋለህ። ባለፈው ዓመት ከትምህርት ቤት ስመለስ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ አልጋ ላይ መውደቅ አመጣሁ። እንቅልፍ ግን የለም። ወገቤ፣ ጉልበቴ፣ ሁሉም ለየብቻው ያማል። በትንሽ በትልቁ እናደዳለሁ፤ ማንኪያህን ብርጭቆ ውስጥ ትተህ ብትሄድ ዓለም የፈረሰ ይመስለኛል። ከዚያም ፅዮን ስትሄድ ባዶ በቀረው ክፍሏ ለብቻዬ መተኛት ጀመርኩ። ምክንያቱን አልነገርኩህም፣ አንተም አልጠየቅከኝም። ሐምሌ ላይ ወደ ደባርቅ የመዛወርህ ነገር ሲመጣ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠህ "ምን ትያለሽ ሐረግ? ቅር ካልሽኝ እቀራለሁ" አልከኝ።

"ደከመኝ አወቀ" ነበር መልሴ። "አንተ የመሰለህን አድርግ።"

እኔ ደከመኝ ያልኩህ እውነተኛውን ድካም ነው፤ ደረጃ መውጣት ያቃተውን እግሬን ነው። አንተ የሰማኸው ሌላ ነው። ፊትህ ላይ አየሁት፤ ግን ለማስረዳት እንኳ አቅም አልነበረኝም። ደግሞስ ምን ብዬ ላስረዳህ? ራሴም አላወቅኩትም።

አንተ ከሄድክ በኋላ ባሰብኝ። ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ ልብን ስዬ፣ ደም ቅዳን አስረድቼ፣ ወደ ሌላው ስዞር "ደም መልስ" የሚለው ቃል ከአፌ ጠፋ። በየዓመቱ የማስተምረው ቃል! እንዳይነቃብኝ "እስቲ ይህን የሚነግረኝ ማን ነው?" አልኩ። ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ ሲነግሩኝ "ጎበዞች!" ብዬ አጨበጨብኩላቸው።  ወዲያው ግን እናቴን አስታወስኩ። መጨረሻዋ ላይ እኔን በሟች እህቷ ስም ትጠራኝ እንደነበር ታውቃለህ። እኔም በዚያው መንገድ ልሄድ ነው አልኩ። ልቤ ደግሞ አንዳንዴ ያለምክንያት እንደ ከበሮ ይመታል። እንግዲህ ወይ አእምሮዬ ወይ ልቤ፣ አንዱ ከድቶኛል ብዬ ሥራ ልለቅ ወሰንኩ። አንተንም በሽታዬን እንድትሸከም ከደባርቅ ላልጠራህ ለራሴ ማልኩ።

ጥቅምት ላይ ነው፤ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ በብርድ ተሸብቦ የመምህራን ማረፊያ ተቀምጠናል። ድንገት ከደረቴ እሳት ተነሥቶ ወደ አንገቴ ወጣ። ሹራቤን አወለቅኩ፤ ነጠላዬን ጣልኩ፤ ላቤ በአገጬ ይንጠባጠባል። ነጃትን ታውቃታለህ፤ ሒሳብ የምታስተምረው፣ በሠርጋችን ላይ ከሁሉም በላይ የጨፈረችው ጓደኛዬ። ደብተሯን ዘግታ አየችኝ።

"ምነው ሐረግ፣ ዝናብ መታሽ እንዴ?"

"ልቤን ነው። ሥራውን ልለቅ ነው ነጃት። ለማንም እንዳትናገሪ።"

ጠጋ አለችና በጆሮዬ "የወር አበባሽስ እንዴት ነው?" አለችኝ።

"ይቀራል። ሁለት ወር ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ እንደ ክረምት ጎርፍ ነው። ምን አገናኘው?"

 ነጃት ሂጃቧ እስኪንሸራተት ድረስ ሳቀች። "ያ አላህ! ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ ትላለች ደግሞ! እኔ እኮ እንዲህ ሆኜ ስኳር ነው፣ ደም ብዛት ነው እያልኩ ዓመት ሙሉ ተሰቃይቻለሁ። ተነሽ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ እንሄዳለን።"

እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ዶክተር እስከዳር የምትባል ረጋ ያለች ሴት መረመረችኝ። ልቤንም፣ ደሜንም፣ የእንቅርት ዕጢዬንም አየች፤ የእናቴንም ነገር ጠየቀችኝ። ውጤቱ ሲመጣ ልቤ የወጣት ልብ ነው አለችኝ። ደም ማነስ ግን አግኝታብኛለች፤ ያ እንደ ጎርፍ የሚፈሰው አድክሞኛል። "ዋናው ነገር ግን እያረጥሽ ነው" አለች። "ሙቀቱም፣ እንቅልፍ ማጣቱም፣ መርሳቱም፣ ንዴቱም ከዚሁ ነው። አእምሮሽ አልከዳሽም፤ እንቅልፍ ነው ያጣሽው።"

ማረጥ። ቃሉን ስሰማ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አልዋሽህም። በእኛ አገር ቃሉ ሲነገር እንደ ስድብ ነው፤ "አረጠች" ሲሉ ያለቀላት ማለታቸው ነው። ዶክተሯ እስክረጋጋ ጠበቀችኝና "ምጡን አልፈሽዋል፣ ማጥባቱን አልፈሽዋል፤ ይህንንም ታልፊዋለሽ። እስኪያልፍ ግን ዝም ብለሽ መሰቃየት የለብሽም" አለችኝ። ለደሜ ኪኒን አዘዘችልኝ። እንድራመድ፣ ማታ ማታ ቡናና የሚያቃጥል ወጥ እንድቀንስ መከረችኝ። ሙቀቱ ከበረታብኝም ሌላ መድኃኒት ስላለ ተመልሼ እንድመጣ ነገረችኝ። ልወጣ ስል፣

"ለባለቤትሽ ነግረሽዋል?" አለች።

"አልነገርኩትም።"

"ሥራው ምንድን ነው?"

"ሐኪም ነው።"

"ታዲያ ምን ቸገረሽ! ይገባዋል እኮ።"

"የከብት ሐኪም ነው" ብላት ብዕሯ ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። ነጃት ከውጭ ሰምታ እሷም ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ከስንት ወር በኋላ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። እንግዲህ ሳልነግርህ ስላሳቅኩብህ ይቅር በለኝ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከነጃት ጋር ወደ ፀዳ ከተማ በሚወስደው መንገድ እንራመዳለን። ነጃት በረጅም ቀሚሷ ስር የልጇን ስኒከር ታደርጋለች። ሚኒባሶቹ ሁሉ ተሳፋሪ እየመሰልናቸው ይቆሙልናል፤ "ፒያሳ ናችሁ?" ሲሉን ነጃት "ወጣትነታችንን ፍለጋ ነን!" ትላቸዋለች። ጎረቤታችን እትዬ ወለተሩፋኤልም ወሬ እንዳያመልጣቸው ብለው ዘንጋቸውን ይዘው ተቀላቀሉን። የእኔን ነገር ሲሰሙ "ኧረ ይሄማ እኔንም ይዞኝ ነበር" ብለው መንገድ ዳር ቆሙ። "ቤተ ሰቡ ሁሉ ሰይጣን ነው ብሎ ጸበል ወሰደኝ። ያ የውርጭ ውሃ ሲወርድብኝ ሌላው ይጮኻል፣ እኔ 'እሰይ! ጨምሩልኝ!' እላለሁ። አጥማቂው ደነገጡ፤ 'ይህ ደግሞ የምን ሰይጣን ነው፣ ጸበል የሚወድ!' አሉ።" ነጃት መንገዱ ዳር ቁጭ አለች፤ መነሣት አቃታት። አወቀ፣ ሦስት ሴቶች በጠዋት አስፋልት ዳር ተቀምጠን እንባ እስኪወርደን ስንስቅ ያየ ሰው ምን እንዳለን እንጃ።

ኅዳር ላይ ደግሞ ስለ መራቢያ አካላት የሚያወራው ምዕራፍ ደረሰ። መጽሐፉ ስለ ማረጥ የሚለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እኔም በየዓመቱ እያነበብኩ አልፈው ነበር። ዘንድሮ ቆምኩበት። ሙቀቱን፣ ድካሙን፣ ንዴቱን ነገርኳቸው። "እናታችሁ ስትቆጣችሁ ሁልጊዜ ጠልታችሁ አይደለም፤ አንዳንዴ እንቅልፍ አጥታ ነው" አልኳቸው። ከኋላ የሳቁ ነበሩ፤ በኋላ ግን ወንዶቹም ሴቶቹም ጸጥ ብለው አዳመጡኝ።

ታኅሣሥ ውስጥ፣ ከክፍል ስወጣ አንዲት ሴት በአገልግል ስንቅ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ብርቄ ይባላሉ፤ ከትክል ድንጋይ ገጠር ነው የመጡት። ልጃቸው ፋሲካ አዘዞ ቤት ተከራይታ እኛ ጋ ትማራለች።

"ስለ ሙቀቱ ያስተማሩት መምህርት እርስዎ ነዎት?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ። ምነው፣ አጠፋሁ?"

"ኧረ ምን ያጠፋሉ! ልጄ ገና የመጣች ዕለት 'እማ፣ በሽታ አይደለም' ብላ ነገረችኝ። እኔ እኮ ልሞት ነው ብዬ ሰው ሁሉ ተሰናብቼ፣ በጎቼን ሳይቀር አከፋፍዬ ነበር።"

"እንዴ! ታዲያ በጎቹስ?"

"አስመለስኋቸዋ!" ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ለባለቤቴ ለአያ ዓለምነው ስነግረው ምን አለኝ መሰልዎ? 'እኔ እኮ የጠላሽኝ መስሎኝ ነው ከበሬዎቹ ጋር የማመሸው' አለኝ። ያን የሚያህል ሰው፣ መምህርት፣ እንባው ቅርር አለ። ስንት ወር ሙሉ አንድ ጎጆ ውስጥ ሆነን ተነፋፍቀን ኖርን።"

እኒያ ሴትዮ አገልግላቸውን ይዘው ወደ ልጃቸው ሄዱ፤ እኔ ግን እዚያው ግቢ ውስጥ ዛፍ ስር ቁጭ አልኩ። አንተ ሳሎኑ መሀል ቦርሳህን ይዘህ ታየኸኝ። ለተማሪዎቼ ነገርኩ፣ ለነጃት ነገርኩ፣ ለእትዬ ወለተሩፋኤል ነገርኩ፤ ላላየኋቸው ለአያ ዓለምነው እንኳ ወሬዬ ደረሰ። አንተ ብቻ ቀረህ። ከሁሉ በፊት ልነግርህ የሚገባኝ አንተ!

አልሰለቸሁህም አወቀ። አንድም ቀን አልሰለቸሁህም። ከሥራ ስትገባ የሚሸተኝ የከብት መድኃኒት ይናፍቀኛል። ዜና እያየህ ከጋዜጠኛው ጋር የምትከራከረው ይናፍቀኛል። ማንኪያ የሌለበት ብርጭቆ ሳይ ቤቱ ባዶ ይመስለኛል። ያኔ እቀራለሁ ስትለኝ "ቅር" የሚለው ቃል ከጉሮሮዬ አልወጣ ያለው አልፈልግህም ብዬ ሳይሆን፣ የታመመች ሚስት ልጭንብህ ስላልፈለግኩ ነው። ለካ አልታመምኩም።

አልቆልኛል አልልህም። ዛሬም ሙቀቱ ይመጣል፤ ፈተና እያረምኩ ሳለ መጥቶ የአንዱን ተማሪ ወረቀት በላብ አበላሽቼበታለሁ። አንዳንድ ቀን አልጋው አልለቅሽ ይለኛል። ግን ስሙን አውቄዋለሁ፤ ሲመጣም "ደህና መጣህ፣ ቶሎ ሂድ" እለዋለሁ። ሥራዬንም አልለቅም። ርእሰ መምህሩ የሴት ተማሪዎችን ክበብ እንድመራ ጠይቆኝ እሺ ብያለሁ፤ ለእናቶችም አንድ ቀን ልንጠራ አስበናል። ብርቄ ከትክል ድንጋይ ሴቶች ሰብስበው እንደሚመጡ ቃል ገብተዋል።

እንግዲህ ፊልጶስ ደርሷል መሰለኝ፣ በር ላይ ክላክስ ያደርጋል። መንገዱም ሰላም ነው ብሎ በስልክ ነግሮኛል። ውጤት አስገብቼ ስጨርስ የመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ስለሆነ፣ ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና ደባርቅ እመጣለሁ። በጥር ወር ደባርቅ ውርጭ ነው ብሎ ሰው ሁሉ ያስፈራራኛል፤ ነጃትማ ሁለት ጋቢ ይዘሽ ካልሄድሽ አልሸኝሽም ብላለች። አላወቁም! መናኸሪያ ጠብቀኝ። ሁለተኛ አልጋ ከማንም እንዳትዋስ፣ አንዱ ይበቃናል። መስኮቱን ብቻ ክፈተው።

ያንተው
ሐረገወይን