በቲማቲሜ ለቅሶ ላስቀመጡኝ ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የሞባይል የእርሻ ምክር አገልግሎት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ሐርጌሳ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ የቢሮዎ ቬንትሌተር ሳያቋርጥ እንዲዞርልዎ፣ ስልክዎም እንደ እስካሁኑ በደንበኛ ጥሪ ሳይረበሽ በሰላም እንዲኖር ከልብ እመኛለሁ። ጸደንያ እባላለሁ። ኮድቡር በሚባለው ሰፈር ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ከከተማው ዳር፣ ከደረቁ ወንዝ አጠገብ ደግሞ ከሙሰዓብ ጋር በሽርክና አትክልት አለማለሁ። እኔ አጠጣለሁ፣ እሱ በባጃጅ ወስዶ ገበያ ይሸጣል። እሱ ሶማልኛውን እንደ ውሃ ይጠጣዋል፤ እኔ ገና ከሰላምታው አላለፍኩም።

አገልግሎቱን የፈለግነው እኛው ነን፣ አልክድም። ወኪልዎ መጥቶ «የአየሩንና የገበያውን ወሬ በስልክ ብንልክላችሁ ትከፍላላችሁ?» ሲለን የወንዙ ዳር ገበሬ ሁሉ እጁን አወጣ፤ እኔማ ሁለቱንም አወጣሁ። የመጀመሪያ የቲማቲም ምርቴ ነበር። መቼ ማጠጣት እንዳለብኝና ደላላው መቼ እንደሚዋሸኝ በአማርኛ የሚነግረኝ ከተገኘ፣ ሌላ ምን እሻለሁ?

ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስመዘገብ በስልኩ ውስጥ ያለችው ድምፅ «እባክዎ ዘርዎን ይናገሩ» ስላለችኝ አመሰግናለሁ። ይህ ጥያቄ እኛ አገር ስንት ጣጣ እንዳለው ስለማውቅ ደንግጬ ዘጋሁት። ሙሰዓብ «የቲማቲሙን ዘር ማለቷ እኮ ነው!» እስኪለኝ ድረስ የቅድመ አያቴን ስም ሳስታውስ ነበር።

ሁለተኛ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ላቤን እየጠረግሁ ሳለ «ነገ ማለዳ ከባድ ውርጭ ይጠበቃል፤ አትክልትዎን ይሸፍኑ» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። በዚያ ሙቀት ውርጭ! ነገር ግን የተከፈለበት ምክር አይናቅምና፣ ከጎረቤቴ ከሰብሪያ ብርድ ልብስ፣ ከሌላውም ሸራ ለምኜ፣ እንጨት ተክዬ ቲማቲሞቼን እንደ አራስ ሸፋፈንኳቸው።

ለካ ከሩቅ ሲታይ የለቅሶ ድንኳን ይመስል ኖሯል። በማግስቱ ጠዋት የሰፈሩ ሽማግሌ አዋሌ ሰው አስከትለው መጡና በሶማልኛ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ማን ነው የሞተው?» ማለታቸው ነበር፤ እኔ ግን «ከሥሩ ምንድን ነው?» ያሉኝ መሰለኝ፣ የሶማልኛው ስም ጠፋብኝና «ቲማቲም» አልኳቸው። እሳቸውም የሟቹ ስም መስሏቸው በሐዘን ራሳቸውን ነቅንቀው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ለመርሁም ቲማቲም ዱዓ አደረጉለት።

ቀጥሎ ሴቶቹ ሻይ በፔርሙስ ይዘው ደረሱ። ኢስታሂል የምትባለዋ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች፤ እኔም ሰው ሲያለቅስ አያስችለኝምና አብሬ አለቀስኩ። በዚህ መሀል ፀሐይዋ ብርድ ልብሱ ላይ ወጣች። ታዲያ በለቀስተኛ ፊት ብርድ ልብስ ይገለጣል?

ሙሰዓብ ደርሶ ሕዝቡን ሲያይ ከባጃጁ ዘሎ ወረደ፦ «አንቺ፣ ማን ሞተ?»

«እኔ እንጃ፣ እነሱን ጠይቃቸው» አልኩት።

ጠየቃቸው። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ፤ ሲተረጉምላቸው ደግሞ አዋሌ ከእሱ ብሰው ሳቁ። ብርድ ልብሱን ስንገልጥ ግን ሳቁ ቆመ። ግማሹ ቲማቲም እንደ ተቀቀለ ጎመን ተኝቷል። እኔ እዚያው ቁጢጥ አልኩ። አዋሌ አጠገቤ ተቀመጡና «እንግዲህ ለቅሶው ትክክል ነበር» አሉኝ በሙሰዓብ በኩል። ከዚያም ለቀስተኛውን አስነሥተው፣ ከራሳቸው ጉድጓድ ውሃ አስቀድተው የቀረውን ግማሽ አተረፉልኝ።

ሦስተኛውን ምስጋና ስልክ ላነሣችልኝ ሠራተኛዎ ያድርሱልኝ። «ቋንቋሽ አማርኛ ስለሆነ ሲስተሙ ደጋ ነሽ ይላል፣ እህቴ» አለችኝ። «እኔ ያለሁት ሐርጌሳ ነው!» ስላት፣ «እኛም» አለችኝ።

አራተኛም አምስተኛም ነበረኝ፤ ሆኖም ከዚያ ቀን ወዲህ ቂም መያዝ አቅቶኛል። ለቀስተኛው ሻዩን ሲጠጣ ስለ ደላላውም፣ ስለ ዝናቡም፣ ስለ ትሉም ተወራ፤ ወሬው ስላላለቀ በየሐሙሱ ከአዋሌ ዛፍ ሥር እየተቀመጥን እንቀጥለዋለን። እኔም ከሰላምታ አልፌ በሶማልኛ መከራከር ጀምሬያለሁ። እርስዎ ባያሳስቱኝ ኖሮ ይህን ሁሉ ጎረቤት ከየት አገኘው ነበር?

ውርጭ እርስዎንም ቢሮዎንም ከመላ ቤተሰብዎ ጋር እንዳይነካ እየጸለይኩ፣ በታላቅ ትሕትና እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
ጸደንያ፣ በሲስተምዎ የደጋ ነዋሪ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሐሙስ ወኪልዎ ከኋላችን ተቀምጦ የምንለውን ሲጽፍ አዋሌ አዩት። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሽንኩርት በየማለዳው ግጥም ካልተነበበለት አይወፍርም» አሉ። ዛሬ ጠዋት «ለሽንኩርትዎ በየማለዳው ግጥም ያንብቡ» የሚለው ክቡር መልእክትዎ ለሁላችንም ደርሶናል። ግጥሙን እርስዎ ይልኩልናል፣ ወይስ ለብቻው ይከፈልበታል?